ህፃኑ የሚያቀረሸው በገንፎሽ አይደለም

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 4 ሳምንት ሆነኝ። ወንድ ነው። ሲወለድ 3 ኪሎ ከ100 ግራም ነበር። ትናንት ጤና ጣቢያ ሲመዘን 3 ኪሎ ከ800 ሆኗል። ከጡት ሌላ ምንም አልሰጠሁትም። ችግሩ ጠብቶ እንዳበቃ ያቀረሻል። አንዳንዴ ትንሽ ነው፤ አንዳንዴ ልብሴን ያርሰዋል። እርጎ የመሰለ ነገር በአፉም በአፍንጫውም የሚወጣበት ጊዜ አለ። እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን መጥታለች። ጠዋት ገንፎ፣ ከሰዓት አጥሚት በአብሽ፣ ማታ ዶሮ ወይም መረቅ ታበላኛለች። አማቴ ግን ‹ቅቤውና አብሹ ወተትሽን አክብዶት ነው ልጁ የሚያስመልሰው› ይላሉ። ጎረቤታችን ደግሞ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ አለችኝ። ቅቤ በጣትሽ አስልሺው ያለኝም ሰው አለ። ግራ ገብቶኝ ሦስት ቀን ሙሉ ዳቦ በሻይ ብቻ እየበላሁ ነው። ልጁ ግን አሁንም ያቀረሻል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ገንፎሽን ዛሬውኑ መብላት ጀምሪ። ልጅሽ የሚያቀረሸው አንቺ በበላሽው ምግብ አይደለም። እንጥሉን ማንም እንዳይነካው። ቅቤም ወደ አፉ እንዳይደርስ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምክንያቱ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶችንም ጽፌልሻለሁ።

ከጥያቄሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያረጋጋው ክብደቱ ነው። አዲስ የተወለደ ህፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከሳል። ከተወለደበት ክብደት እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ሊቀንስ ይችላል። በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም እንዲጨምር እንጠብቃለን። ያንቺ ልጅ በ4 ሳምንት 700 ግራም ጨምሯል። ወተት ሆዱ ውስጥ የማይቀርለት ልጅ እንዲህ አያድግም። በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር በሽንት የሚያርስ ከሆነ፣ ነቅቶ የሚጠባ ከሆነ፣ ካቀረሸም በኋላ ደስ ብሎት የሚቆይ ከሆነ ይህ ልጅ ጤነኛ ነው። እኛ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን «ደስተኛ አቅራሺ» እንለዋለን። የሚያስቸግረው ልብስ የሚያጥበውን ሰው ነው።

«የጠባውን ሁሉ አወጣው» የሚለው ስጋት ከብዙ እናቶች አፍ የሚወጣ ነው። ወተት ጨርቅ ላይ ሲፈስ ብዙ ይመስላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ደረቅ ጨርቅ ላይ አፍሺና ምን ያህል እንደሚሰፋ እዪው። አብዛኛውን ጊዜ ልጅሽ ያወጣው ከዚያ አይበልጥም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። የምግብ ቧንቧና ጨጓራ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የጡንቻ ቀለበት አለ። ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፤ ከዚያ ይዘጋል። በህፃን ላይ ይህ ቀለበት ገና አልበሰለም። ያለ ጊዜው እየላላ ይከፈታል። በዚያ ላይ የህፃን ምግብ ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ ነው። ጨጓራው ትንሽ ነው። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የሻይ ማንኪያ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በወሩ እንኳ ከአንድ የቡና ስኒ ብዙ አይበልጥም። ቀኑን አብዛኛውን በጀርባው ተጋድሞ ነው የሚውለው። አፉ ላልቶ የታሰረ አቁማዳ ሞልተሽ ብታጋድሚው ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። እያለቀሰ ወይም እየተቻኮለ ሲጠባ ደግሞ አየር አብሮ ይውጣል። አየሩ ሲወጣ ወተቱንም ይዞት ይወጣል።

እርጎ የመሰለው ነገር የተበላሸ ወተት አይደለም። ወተት ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ይረጋል። የረጋ ወተት ካወጣ ጠብቶ ትንሽ ቆይቷል ማለት ነው። ወዲያው ያወጣው ከሆነ ነጭ ወተት እንደሆነ ይወጣል። በአፍንጫው መውጣቱም አያስደንግጥሽ። አፍና አፍንጫ ከኋላ በኩል የተገናኙ ናቸው። ጠርገሽለት ጥቂት ቀና አድርገሽ ያዢው፤ ይበቃል።

ከሦስት ወር በታች ካሉ ህፃናት ግማሽ ያህሉ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያቀረሻሉ። ደግሞ አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ። ይህ ነገር ከመሻሉ በፊት ሊብስ ይችላል። ብዙውን ጊዜ አራት ወር አካባቢ ነው የሚበረታው። ልጁ መቀመጥ ሲጀምር ይቀንሳል። ዓመት ሲሞላው አብዛኞቹ ትተውታል። ስለዚህ በሦስተኛው ወር ላይ ሲብስበት ብታዪ እንደገና ምግብሽን መወንጀል አትጀምሪ።

አማትሽ ስለ ወተቱ መክበድ የሚሉትን በደንብ ማየት ያስፈልጋል። ክፋት የለበትም፤ ብዙ ቤት የሚባል ነው። ግን ወተት እንደዚያ አይሠራም። የበላሽው ገንፎ ጨጓራሽና አንጀትሽ ውስጥ ይፈጫል። ንጥረ ነገሩ ወደ ደምሽ ይገባል። የጡትሽ እጢዎች ከደም ውስጥ የሚፈልጉትን እየወሰዱ ወተቱን ራሳቸው ይሠራሉ። የወተቱን ስኳር እንኳ እዚያው ጡት ውስጥ ነው የሚያዘጋጁት። ከገንፎው መሀል ያለው ቅቤ ወደ ጡት የሚወርድበት ቀጥተኛ ቧንቧ የለም። የምትበዪው የቅባት ዓይነት በወተትሽ ውስጥ ያለውን የቅባት ዓይነት ይለውጣል፤ ይህ እውነት ነው። ጠቅላላ የቅባቱን መጠን ግን ብዙም አይለውጠውም።

ወተት ይበልጥ የሚቀጥነውና የሚወፍረው በአንድ የማጥባት ጊዜ ውስጥ ነው። ጡት ሞልቶ ሳለ መጀመሪያ የሚወርደው ቀጠን ያለ ነው። ጡቱ እየጎደለ ሲሄድ ቅባቱ እየጨመረ ይመጣል። ስለዚህ «ወተቴ ቀጥኗል» ብሎ መጨነቅም፣ «ወተቴ ከብዷል» ብሎ መጾምም መሠረት የለውም። አንዱን ጡት ጠጥቶ እስኪበቃው ድረስ ተይው። ራሱ ሲለቅ ወደ ሁለተኛው አዙሪው። ሁለቱንም ዓይነት ወተት ያገኛል።

ከምግብሽ ወደ ወተቱ የሚያልፍ ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ሽታና ጣዕም ያልፋል። ነጭ ሽንኩርት የበላች እናት ወተቷ ትንሽ ሽታ ሊኖረው ይችላል። ህፃናት ይህን አይጠሉም፤ እንዲያውም የቤታቸውን ምግብ የሚለምዱት እንዲህ ነው። ጋዝ ግን አያልፍም። ጎመን፣ ባቄላ ወይም ሽሮ በልተሽ ሆድሽ ቢነፋ፣ ያ አየር ያለው አንጀትሽ ውስጥ ነው። ወደ ወተትሽ አይገባም። ጎመንና ጥራጥሬ ለአራስ ልከልክል የሚል ሰው ካለ ይህን ይወቅ። አራስ አትክልት በጣም ያስፈልጋታል። ሆድ ድርቀት የሚያስቸግራትም ገንፎና ሥጋ ብቻ ስትበላ ነው።

ስለ ገንፎው በግልጽ ልናገር። የአራስ ምግባችን በአብዛኛው ጥሩ ምግብ ነው። የምታጠባ እናት ከወትሮዋ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋታል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች «ከወትሮው ሁለት ተጨማሪ ምግብ ብዪ» የሚሉት ለዚህ ነው። የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ የአጃ አጥሚት፣ መረቅ፣ ዶሮ፣ እንቁላል ይህንን ይሞላሉ። ደም የፈሰሳትና እንቅልፍ ያጣች ሴት በአንድ ሳህን ብዙ ኃይል የምታገኝበት ምግብ ነው። በዚያ ላይ አራስ እንድታርፍ፣ ሌላ ሰው ምግብ እንዲያቀርብላት የሚያደርግ ባህል አለን። እናትሽ ከደብረ ብርሃን ድረስ መምጣቷ ለአንቺም ለልጅሽም ትልቅ ነገር ነው። ይህን በምንም መንገድ አታስቀሪው።

ዳቦ በሻይ ግን አይሆንም። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት እንዳይወስድ ይከለክላል። ወልደሽ ደም ፈሶሻል፤ ብረት ያስፈልግሻል። ሐኪም ያዘዘልሽ የአይረን ክኒን ካለ አታቋርጪ። ምግብ የቀነሰች እናት ወተቷ ወዲያው አይደርቅም። ሰውነቷ ከራሱ እየከፈለ ለልጁ ይሠራል። የምትጎዳው እሷ ናት። ማዞር፣ ድካም፣ ሆድ መባባት ይከተላል። ሦስት ቀን ምግብ ለቀሽ ልጅሽ አለመለወጡን ራስሽ አይተሻል። መልሱ እዚያው ነበር።

ገንፎው ላይ የማስተካክለው ጥቂት ነገር አለ። በእርግዝና ወቅት የደም ግፊት የነበረባት እናት ጨውን ታሳንስ። የስኳር ችግር ያለባት እናት አጥሚቱ ውስጥ የሚገባውን ማርና ስኳር ከሐኪሟ ጋር ትወስን። ሌላዋ እናት ቅቤውን በልኩ ትብላ። ከገንፎው ጎን ጎመን ወይም ካሮት፣ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ይኑር። ውሃም በብዛት ጠጪ፤ ባጠባሽ ቁጥር አንድ ብርጭቆ አጠገብሽ ይቀመጥ። በርበሬው ልጁን ያስመልሰዋል የሚለውን የሚደግፍ ማስረጃ የለም። ያንቺን ጨጓራ ካላቃጠለሽ ብዪው።

አብሽ ለብቻው ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ እናት የምትጠይቀኝ ስለ እሱ ነው። ወተት ያበዛል የሚለው እምነት ከእኛም አልፎ በብዙ አገር አለ። የተደረጉት ጥናቶች ግን ትንንሽ ናቸው፤ ውጤታቸውም የተደባለቀ ነው። ወተት የሚበዛው በዋናነት ልጁ ደጋግሞ ሲጠባና ጡት በደንብ ሲጎድል ነው። ከ8 እስከ 12 ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጠባ ህፃን ከየትኛውም ቅመም የበለጠ ወተት ያመጣል። አብሽ በምግብ መጠን ሲሆን ለአብዛኛዋ እናት ጉዳት የለውም። ሲበዛ ግን ያስቀምጣል፣ ሆድ ይነፋል። አንዳንድ ህፃንም ሰገራው አብሮ ይቀጥንበታል። ላብሽና የልጁ ሽንት አብሽ አብሽ ቢሸት አትደንግጪ። የስኳር መድኃኒት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ እናት አብሽን በብዛት መጠጣት የለባትም፤ ስኳርን ዝቅ ያደርጋል፣ የመድኃኒቱንም ሥራ ይለውጣል። ሽንብራ ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማት እናትም ትጠንቀቅ፤ የአንድ ወገን ዘር ናቸው። ልጅሽ ቅጥን ያለ ሰገራ ካለውና አብሹን ከጠረጠርሽው፣ ለአንድ ሳምንት አብሹን ብቻ ተዪው። ለውጥ ከሌለ ተመለሺበት። አንድን ነገር ነጥሎ መሞከር ይቻላል። ምግብን በሙሉ መተው ግን መሞከር አይባልም።

መጠጥ ላይ ጠንከር እላለሁ። ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ አረቄ ውስጥ ያለው አልኮል በደምሽ ውስጥ ባለው መጠን ወተትሽ ውስጥም ይገባል። ጠላ ወተት ያወርዳል የሚባለው ስህተት ነው። አልኮል እንዲያውም ወተቱ እንዳይወርድ ይይዘዋል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር አንድ ብርጭቆ እየተባለ የሚቀርበውን አመስግነሽ መልሺው። ጫትም እንዲሁ ወደ ወተት ስለሚያልፍ ይቅር። ቡና ግን በልኩ ይቻላል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ስኒ ችግር የለውም። የአራስ ህፃን ጉበት ካፌይንን ለማስወገድ ቀናት ስለሚፈጅበት፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠዋትና ማታ ሲደጋገም ልጁ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል።

ጾም ከገባ የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፤ አራስ እንዳትጾም ራሳቸው ይነግሩሻል። ሙስሊም እናቶችም በረመዳን የሚያጠቡ ከሆነ ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ ማዛወር ተፈቅዶላቸዋል።

እናት የምትበላው ነገር በእርግጥ ልጁን የሚያስቸግርበት አንድ ሁኔታ አለ። የላም ወተት ፕሮቲን የማይስማማው ህፃን ነው። እናት የጠጣችው ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን በጥቂቱ ወደ ጡት ወተት ያልፋል። እንዲህ ያለው ህፃን ማቅረሸት ብቻ አይደለም የሚታይበት። ሰገራው ውስጥ ደም ወይም ንፍጥ ይታያል። ቆዳው ይሻክራል፣ ይቆጣል። ክብደቱ አይጨምርም። እየጠባ ይነጫነጫል። ይህ ከሆነ ሐኪም እናትየውን ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ቅቤ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት እንድትተው ያደርጋትና ልዩነቱን ያያል። የተነጠረ ቅቤ ውስጥ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ቢሆንም በሙከራው ጊዜ እሱም ይቀራል። ካልተሻለው ወደ ምግቧ ትመለሳለች። በጻፍሽልኝ ውስጥ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም የለም። ስለዚህ ያንቺ ቤት ውስጥ ይህን ሙከራ የሚያስጀምር ምክንያት የለም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በአራስ ቤት ትልቁ አደጋ ህፃኑ አፍ ውስጥ በሚገባው ነገር ነው የሚመጣው። ቅቤ አንጀት ያለሰልሳል ተብሎ በጣት ይሰጣል። ገና አዋዋጡ ያልጠነከረ፣ በዚያ ላይ የሚያቀረሽ ህፃን ቅቤውን ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል። ቅባት ሳንባ ውስጥ ከገባ በሳል አይወጣም። የሳንባ ቁስለት ያመጣል። ያልተነጠረ ቅቤ ደግሞ ተህዋስያን ይዞ ይመጣል። ማር ዓመት እስኪሞላው በፍጹም አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተህዋስ በህፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻን የሚያሰንፍ መርዝ ያመነጫል። አንቺ ማር ብትበዪ ግን ልጁን አይጎዳውም።

የአብሽ ውሃ፣ የስኳር ውሃ፣ የጤና አዳም ውሃ፣ ግራይፕ ዋተር፣ ዝም ብሎ የፈላ ውሃም ቢሆን ከስድስት ወር በፊት አያስፈልገውም። ትንሿን ጨጓራ ይሞሉበታል። ልጁ ጡት ይቀንሳል። ጡት ሲቀንስ ወተትሽ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ተቅማጥ ይመጣል። አፋርም ይሁን ጋምቤላ፣ ሙቀቱ ቢበረታም የጡት ወተት ውሃውን ይዞ ነው የሚመጣው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአገራችን ከስድስት ወር በታች ካሉ ህፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ናቸው። አንቺ ለልጅሽ ከጡት ሌላ ምንም አለመስጠትሽ ትልቅ ሥራ ነው። አሁን እንዳታፈርሺው። የጣሳ ወተትም አይመከርም፤ ጡጦ ማቅረሸቱን አያቆመውም።

እንጥልን በተመለከተ። ማቅረሸት ከጉሮሮ አይመጣም። የሚመጣው ከጨጓራ ነው። እንጥል ቢቆረጥ ቢቀር የጨጓራውን መዝጊያ አይነካውም። የሚያመጣው ሌላ ነው። ህፃን ያለው ደም ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ቢፈስ እንኳ ብዙ ነው። ደሙ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በአንድ ምላጭ ወይም ወስፌ ብዙ ህፃናት ላይ ሲሠራ ቴታነስ፣ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ይተላለፋል። ቁስሉ ስለሚያመው መጥባት ያቆማል። ሲያቀረሽ የነበረ ጤነኛ ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ በኢንፌክሽን ራሱን የሳተ ልጅ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን እንጥል መቁረጥን፣ የወተት ጥርስ ማውጣትንና ለጨቅላ ህፃን ቅቤ ማብላትን ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሎ ጠቅሷቸዋል። ጎረቤትሽ ለክፋት እንዳላለችው አውቃለሁ። መልስሽ ግን አንድ ቃል ይሁን፤ «አይሆንም»። «እስኪ አስብበታለሁ» ካልሽ አንቺ ተኝተሽ ሳለ ሰውዬው ሊመጣ ይችላል። ባለቤትሽንም ቀድመሽ አስረጂው፤ እናትሽም ትስማ።

ማቅረሸቱን የሚያቀንሱ ነገሮች አሉ፤ የሚያስቆመው ግን ጊዜ ነው። ከአያያዝሽ ጀምሪ። ልጁ ከጡት ጫፉ አልፎ ጠቆር ያለውን ክብ አብዛኛውን በአፉ ይያዝ። አፉ በሰፊው ይከፈት፤ አገጩ ጡትሽን ይንካ። እንደዚያ ሲይዝ አየር የሚውጠው ትንሽ ነው። ጭንቅላቱ ከሆዱ ከፍ ይበል። ወተትሽ በኃይል የሚወርድ ከሆነና ልጁ ትን የሚለው ከሆነ፣ ወደ ኋላ ጋደም ብለሽ እላይሽ ላይ አድርገሽ አጥቢው። መሀል ላይና ሲጨርስ አስገሺው። ትከሻሽ ላይ ደግፈሽ ወይም ጭንሽ ላይ አገጩን ይዘሽ ጀርባውን ቀስ አድርገሽ መታ መታ አድርጊው። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀጥ አድርገሽ ያዢው። በዚህ ሰዓት አታወዛውዢው፤ ለጠያቂ ከእጅ እጅ አይተላለፍ። ዳይፐሩና መጠቅለያው ሆዱን እንዳያስጨንቁት አላሊው። ፊቱን ሲያዞር በቃኝ ማለቱ ነው። ባለቀሰ ቁጥር ራበው ማለት አይደለም። ጠግቦ ሳለ ደግመሽ ካጠባሽው የጨመርሽውን መልሶ ያወጣዋል።

አተኛኘቱ ላይ ብዙ አያቶች ይከራከሩኛል። «በጀርባው ከተኛ ትውኪያው ያንቀዋል» ይላሉ። ጤነኛ ህፃን በጀርባው ተኝቶ ሲያቀረሽ ይውጠዋል ወይም ያስለዋል፤ የመተንፈሻ ቱቦው አቀማመጥም ይረዳዋል። በሆዱ ማስተኛት ነው በእንቅልፍ ላይ ድንገት የመሞትን አደጋ የሚጨምረው። ስለዚህ በጀርባው፣ ደልደል ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ይተኛ። የአሲድ መድኃኒት ከፋርማሲ በራስሽ አትግዢለት። ደስተኛ ሆኖ የሚያቀረሽ ልጅ መድኃኒት አያስፈልገውም።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ለጤነኛ ልጅ ነው። ከዚህ በታች ካለው አንዱን ካየሽ ግን ቀን ሌሊት ሳትዪ ወደ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ያስመለሰው አረንጓዴ ከሆነ አንጀቱ ተጠማዞ ወይም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሰዓታት ይቆጠራሉ፤ «እስኪነጋ» አይባልም። ደም ያለበት ወይም እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ከሆነም እንዲሁ። የጡትሽ ጫፍ ተሰንጥቆ የደማ ከሆነ ደሙ ያንቺ ሊሆን ይችላል፤ ያንንም ቢሆን ሐኪም ይየው።

ሁለተኛው በተለይ ለአንቺ የምለው ነው። ልጅሽ ወንድ ነው፣ የመጀመሪያ ነው፣ 4 ሳምንቱ ነው። ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚያሳልፈው በር ጡንቻው ወፍሮ የሚጠብብ ሕመም አለ። በብዛት የሚታየው ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባሉ ህፃናት ላይ ነው። ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን፣ በተለይ የመጀመሪያ ልጆችን ያጠቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ልጁ ጠብቶ እንዳበቃ ወተቱ በኃይል ተፈናጥሮ ራቅ ብሎ ይወድቃል። ከአፍ ጠርዝ እንደሚፈሰው ቅርሻት አይደለም። ይህ በየጥቢው ይደጋገማል። ልጁ ወዲያው ይርበዋል፣ ደግሞ ይጠባል፣ ደግሞ ያስመልሳል። ሽንቱ ይቀንሳል፣ ይከሳል። ያንቺ ልጅ ክብደት ስለጨመረ አሁን ይህ አለበት አልልም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ግን ዓይንሽን አትንቀዪ። ሕመሙ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይድናል። የሚጎዳው ሲዘገይ ነው።

ከእነዚህ ሌላ፦ መጥባት ካቆመ ወይም አቅም ካጣ፣ ብብቱ ውስጥ ሲለካ ሙቀቱ 37.5 እና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ ሳያለቅስ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሆዱ ተነፍቶ ከጠነከረ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ከሆነ፣ ለመንቃት እጅግ ካስቸገረ። በአራስ ህፃን ላይ ኢንፌክሽን ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው ብዙ ጊዜ «አልጠባም» ማለቱ ነው። ሙቀቱን ብቻ አትጠብቂ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። እናትሽ ገንፎዋን ታገንፋ፤ አንቺ ብዪ። አማትሽን አትቃወሚያቸው፤ በ45ኛው ቀን ለክትባት ስትሄጂ አብረውሽ እንዲመጡ ለምኛቸው። እዚያ ልጁ ራቁቱን ይመዘን። ከአሁኑ ክብደቱ ላይ ቢያንስ 300 ግራም ጨምሮ ከተገኘ፣ ባለሙያዋ ቁጥሩን እሳቸው እየሰሙ ታንብበው። ከዚያ በታች ከሆነ ወዲያው ወደ ጡጦ አትሂጂ። እዚያው ቁጭ ብለሽ እያጠባሽ አያያዝሽን እንድታይልሽ ጠይቂያት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተካከለው እሱ ነው።